ሕልም እንደ ፈቺው ነውን? ሌሊቱን በደብተር ያሰፈረው ሐኪም

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ወር ግድም በሕልሜ መጣ። ዘወትር የሚለብሳትን ግራጫ ካፖርት እንደለበሰ የግቢያችን በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ነገረኝ። ነገሩ አጭር ነበር፤ ቢበዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እዚያው ሕልሙ ውስጥ እያለሁ ይህንንስ አልረሳውም ብዬ ለራሴ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ስነቃ የታክሲ ረዳቱ ከውጭ ይጮኻል፤ ሥራ ረፍዶብኛል። ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ ዓረፍተ ነገሩ የለም። ካፖርቱ አለ፤ በሩ አለ፤ አባቴም አለ፤ ቃሉ ግን ጠፍቷል። ይኸው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

በልጅነቴ ቤት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ባልጠፋ። ያኔ የጠዋቱ ቡና ሲፈላ ሌሊት ሕልም ያየ ሰው ይናገር ነበር። አያቴ መጀመሪያ እግዜር በደግ ይፍታው ትላለች፤ ከዚያ ትፈታዋለች። ጥርስ ወለቀ ከተባለ ፊቷ ይጠቁራል፤ የሠርግ ሆታ ሰማሁ ቢሏትም ደስ አይላትም። ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ አጥብቃ የምትመክረን አንድ ነገር ነበራት። ሕልማችሁን ላገኛችሁት ሰው ሁሉ አትንገሩ፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ክፉ ሰው በክፉ ከፈታው በክፉ ይደርሳል ትለን ነበር።

አባቴን ካለምኩ ወዲህ ይህች አባባል ትከነክነኝ ጀመር። ለመሆኑ ሕልም የማን ነው? የፈቺው ወይስ የባለ ሕልሙ? መልስ ፍለጋ ሳገላብጥ የአንድ ሰው ሕይወት ደጋግሞ መንገዴ ላይ ቆመ። ሰውየው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ከመምህሩ ተጣልቷል፤ አእምሮዬን ልስት ነው ብሎ ፈርቷል፤ አንድ ሌሊትም ኮመዲኖው ውስጥ ያለውን ሽጉጥ እስከ ማሰብ ደርሷል። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስድሳ ዓመት የተደበቀ ሕልም

ዩንግ የተወለደው ሐምሌ 26 ቀን 1875 በኮንስታንስ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ኬስቪል በምትባል መንደር ነው። አባቱ ፓውል የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። እናቱ ኤሚሊም የቄስ ልጅ ናቸው፤ በእናቱ ወገን መንፈስ አየን፣ ሙታን አነጋገርን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ልጁ ያደገው ሰማይና ምድር በማይራራቁበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሆነው ዕድሜ ልኩን ያልለቀቀውን ሕልም አየ። ከቤታቸው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ያገኛል። ደረጃውን ወርዶ አረንጓዴ መጋረጃ ገልጦ ሲገባ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ የወርቅ ዙፋን ተቀምጧል። በዙፋኑ ላይ ንጉሥ የለም። ከሥጋና ከቆዳ የተሠራ እንደ ዛፍ ግንድ የቆመ ግዙፍ ነገር አለ፤ አናቱ ላይ አንድ ዓይን ወደ ላይ አፍጥጧል። በዚህ መሃል የእናቱ ድምፅ ከላይ ይሰማል፤ ሰው በላው ያ ነው ትላለች። ልጁ በላብ ተጠምቆ ነቃ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት መተኛት ይፈራ ነበር። ያየው ነገር የወንድ ብልት መልክ የነበረው መሆኑ የገባው ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የገረመኝ ሕልሙ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ዩንግ ይህን ሕልም ለእናቱም ለአባቱም አልነገረም። የሕልም ሐኪም ሆኖ የሺህ ሰዎችን ሕልም ሲሰማ እንኳ የራሱን የመጀመሪያ ሕልም ይዞት ቆየ። ምስጢሩን ያወጣው ዕድሜው 65 ዓመት ከደረሰ በኋላ ነው። አያቴ ብትሰማ ደግ አደረገ ባለች ነበር።

አባቱ የሞቱት በ1896 መጀመሪያ ላይ እሱ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲያጠና ነው። ከሞታቸው ስድስት ሳምንት በኋላ በሕልሙ መጡ። ለዕረፍት ሄደው እንደነበር፣ ጤናቸው እንደተመለሰና ወደ ቤታቸው እየገቡ እንደሆነ ነገሩት። ዩንግ የአባቱን ክፍል ወስዶ ይኖርበት ስለነበር ይቆጡኛል ብሎ ሰጋ፤ እሳቸው ግን ምንም አላሉትም። እሱ ግን ሞተዋል ብሎ በማሰቡ አፈረ። ሕልሙ ከሁለት ቀን በኋላ ተደገመ። ከሞት በኋላ ስላለው ነገር አጥብቆ ማሰብ የጀመረው ያኔ እንደሆነ በስተርጅና ተርኳል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ። እሱ የአባቱን ቃል ይዞ ተነስቷል፤ እኔ አልያዝኩም።

መርከቧ ላይ የተፈታው ሕልም

ዩንግ በ1900 መጨረሻ ቡርግሆልዝሊ በተባለው የዙሪክ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው መጽሐፍ ገበያ ላይ ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ600 ቅጂ ብቻ ሲሆን ተሸጦ ለማለቅ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል። ዩንግም መጀመሪያ አንብቦ አልገባኝም ብሎ አስቀመጠው፤ በ1903 እንደገና አነሳው። በ1907 ሁለቱ ቪየና ላይ ሲገናኙ ለ13 ሰዓታት ያህል ሳያቋርጡ እንዳወሩ ዩንግ ጽፏል። ፍሮይድ ወጣቱን እንደ ልጁና እንደ አልጋ ወራሹ ማየት ጀመረ።

በ1909 ሁለቱም አሜሪካ በሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ጉዞው ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ በየቀኑ አንዱ የሌላውን ሕልም ይፈታል። ዩንግ በዚያ ጉዞ አንድ ሕልም አየ። የእኔ በሚለው ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ክፍሉ ባማሩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃዎች ተሞልቷል። ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሁሉም ነገር ጨለምለም ያለና የመካከለኛው ዘመን ነው። ከዚያ በታች የሮማውያን ዘመን ግንብ ያለው ጓዳ ያገኛል። የጓዳውን ወለል ድንጋይ ሲያነሳ ሌላ ደረጃ አለ፤ ወርዶ ዋሻ ይገባል። እዚያ የተሰባበረ ሸክላ፣ የተበታተነ አጥንትና ሁለት ያረጁ የራስ ቅሎች ተጥለዋል።

ፍሮይድ የያዘው የራስ ቅሎቹን ነው። የማንን ሞት ብትመኝ ነው እያለ ደጋግሞ ጠየቀው። ዩንግ ምን እንዲመልስ እንደተፈለገ ገባው፤ ስለዚህ ዋሸ። የባለቤቴና የእኅቷ ናቸው አለ። ፍሮይድም መልሱን ሲሰማ እፎይ ያለ መሰለ። ዩንግ ግን በልቡ ሌላ ነገር ይዟል። ቤቱ የሰው አእምሮ ነው፤ ከላይ የምናውቀው ኑሯችን፣ ከሥር ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው፣ የግላችን ያልሆነ ንብርብር አለ ብሎ አሰበ። የጋራ ስውር አእምሮ እያለ ኋላ የጻፈው ሐሳብ ከዚያ ጓዳ ነው የወጣው።

በሌላ ቀን ደግሞ ተራው የፍሮይድ ሆነ። ዩንግ የፍሮይድን ሕልም ለመፍታት ስለ ግል ኑሮው ጥቂት ዝርዝር ጠየቀው። ፍሮይድ በጥርጣሬ ተመለከተውና ሥልጣኔን አደጋ ላይ አልጥልም ብሎ እምቢ አለ። ዩንግ እንደሚለው ፍሮይድ ሥልጣኑን ያጣው እዚያው ላይ ነው።

የአያቴ አባባል ከአንዲት መርከብ ላይ እንዲህ በግልጽ ሲፈተን ያየሁት አልመሰለኝም። አንዱ ፈቺ ሕልሙን በልኩ ሊሰፋው ሲል ባለ ሕልሙ ዋሸ፤ ሌላው ባለ ሕልም ክብሩን ጠብቆ ዝም አለ። በዓለም ላይ ስለ ሕልም ከሁሉም በላይ ያውቃሉ የተባሉ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሕልማቸውን መነጋገር አልቻሉም። በ1913 መጀመሪያ ደብዳቤ መጻጻፉንም አቆሙ።

ሽጉጡ ያለበት ኮመዲኖ

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ዩንግ 38 ዓመቱ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው፤ ታዋቂ ነው፤ ግን የሚቆምበት መሬት አጣ። በኦክቶበር 1913 በባቡር ሲጓዝ በቁሙ ራእይ መጣበት። ከሰሜን ባሕር እስከ አልፕስ ተራሮች ያለውን አገር ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው፣ ሬሳ ሲንሳፈፍ፣ ውኃውም ወደ ደም ሲለወጥ አየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመበት። በሙያው የአእምሮ ሕመም ምልክት ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃልና ማበዴ ነው ብሎ ደመደመ።

ታኅሣሥ 18 ቀን 1913 ሌሊት ደግሞ በተራራ ላይ ከአንድ ጠይም ሰው ጋር አድፍጦ ሲግፍሪድ የተባለውን የጀርመኖች ተረት ጀግና በጠመንጃ ሲገድል አለመ። በጸጸት ነቃ። ሊተኛ ሲሞክር ከውስጡ አንድ ድምፅ ሕልሙን አሁኑኑ መረዳት አለብህ አለው፤ ካልተረዳኸው ራስህን ትገድላለህ የሚል ማስጠንቀቂያም ጨመረበት። ኮመዲኖው ውስጥ የጎረሰ ሽጉጥ ነበርና ደነገጠ። በዚያ ሌሊት አጠገቡ ፈቺ የለም፤ ፍሮይድም የለም። ራሱ ማሰላሰል ነበረበት። ቀስ በቀስ ሲግፍሪድ ማለት ፈቃዱን በሌላው ላይ በግድ የሚጭን ጀግና፣ እሱም ራሱ በልቡ ያነገሠው ሰው መሆኑ ገባው። መሞት ያለበት ያ ጀግና እንጂ ዩንግ አይደለም። ይህን ሲረዳ ተመልሶ ተኛ።

በ1914 ጸደይና በበጋው መግቢያ ደግሞ በሞቃቱ ወራት መሬት በበረዶ ስትደርቅ ሦስት ጊዜ አለመ። በኦገስት መጀመሪያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ያኔ ዩንግ ያየሁት የራሴን እብደት ብቻ አልነበረም ብሎ ተጽናና። ሕልሙ ትንቢት ነበር ወይስ አውሮፓ ሁሉ የሚተነፍሰውን ፍርሃት የተሸከመ ሰው ቅዠት? ለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ፍርድ ይስጥ። እኔን የሳበኝ በዚያ ሁሉ መሃል የሠራው ተራ ነገር ነው፤ ጻፈው።

ያየውን ሁሉ ጥቁር ሽፋን ባላቸው ደብተሮች መዘገበ። ከዚያ ቀይ ሌጦ በለበሰ ትልቅ መጽሐፍ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈትና በሥዕል ገለበጠው። የእኛ ብራና ጸሐፊዎች ሐረግ እየሳሉ እንደሚጽፉት ያለ ሥራ ነው። ወደ 16 ዓመት ሠራበት፤ ሳይጨርሰውም ተወው። በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም። ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ በባንክ ካዝና አስቀምጦት ቆይቶ «ቀዩ መጽሐፍ» ለሕዝብ የታተመው በ2009 ነው። ጥቁሮቹ ደብተሮችም በ2020 ወጡ።

ሕልም አይቶ መሄድ ግን ለዩንግ በቂ አልነበረም። ጥርስ ሞት ነው፣ ሠርግ ሐዘን ነው የሚለውን ዓይነት መዝገበ ቃላት አይቀበልም። አንድ ታካሚ ጠረጴዛ አለምኩ ቢለው፣ ጠረጴዛ ምን እንደሆነ ለማላውቅ ሰው እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ ይለዋል። የማን ጠረጴዛ ነው? ከምን እንጨት ተሠራ? ማን ተቀምጦበት ያውቃል? እንዲህ ሲባል ሕልሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከአንድ ሕልም ይልቅ የተከታታይ ሕልሞችን ጉዞ ያምናል። በ1932 ወደ እሱ የመጣውን የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፓውሊን ራሱ ከማከም ይልቅ ገና ጀማሪ ወደሆነች ሐኪም የላከው የሰውየውን ሕልሞች በራሱ ሐሳብ ላለመበረዝ ነው። ፓውሊ ከሺህ በላይ ሕልሞች መዘገበ። በ1945 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው ነው።

ሕልም ብዙ ጊዜ የቀን ሰውን ሚዛን ያስተካክላል የሚል እምነትም ነበረው። ለዚህ ከሚጠቅሳቸው አንዱ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 ላይ ያለው የናቡከደነፆር ሕልም ነው። ንጉሡ ሰማይ ደርሻለሁ ሲል ዛፉ ሲቆረጥ ያያል። ከራሱ ገጠመኝም ያወራል። ተራራ መውጣት የሚወድ አንድ ወዳጁ ከጫፍ ላይ ወደ አየር ሲራመድና ደስታ ሲያሰክረው ማለሙን በቀልድ ይነግረዋል። ዩንግ ደንግጦ ብቻህን እንዳትወጣ ብሎ ለመነው፤ ሰውየው ሳቀ። ከወራት በኋላ ገደል ገብቶ ሞተ፤ ያየው አንድ መንገድ መሪ ወደ ባዶ አየር እንደተራመደ መሰከረ። እንግዲህ ፈቺው ልክ ነበር፤ ባለ ሕልሙ ግን ፍቺውን የእኔ አላለውም። የሌላ ሰው ትክክለኛ ፍቺ እንኳ አላዳነውም።

ኤልጎን ተራራ ሥር

በ1925 መጨረሻ ዩንግ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ መጣ። ከሞምባሳ በናይሮቢ አድርጎ ኬንያና ኡጋንዳ ድንበር ላይ ወዳለው ኤልጎን ተራራ ወጣ፤ ኋላም ዓባይን ተከትሎ በሱዳን በኩል ግብፅ ወርዷል። በተራራው ሥር የሚኖሩትን ሰዎች ስለ ሕልማቸው ይጠይቃል። እነሱ ትንሽ ሕልምና ትልቅ ሕልም ይለያሉ። ትንሹ የግለሰብ ነው፤ ትልቁ የሁሉም ስለሆነ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይሰማዋል።

አንድ አረጋዊ የባህል ሐኪም ግን እንባ እያቀረሩ አሳዛኝ ነገር ነገሩት። ቀድሞ አዋቂዎች ያልሙ ነበር፤ ጦርነት ሲመጣ፣ በሽታ ሲገባ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ወዴት መነዳት እንዳለበት በሕልም ይታወቅ ነበር። ነጮች ከመጡ ወዲህ ግን ማንም አያልምም፤ አሁን ሁሉን የሚያውቀው እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ነው አሉት። ስለ ቅኝ አገዛዝ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሌሊትን ጭምር እንደሚወስድ ያወቅኩት ከዚህ ታሪክ ነው። ሕልም ፈቺው ሲበረታ፣ ባለ ሕልሙ ማለም ያቆማል።

ዩንግ ራሱ ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻ ወስዶታል ለማለት ይቸግረኛል። በዚያው ጉዞ ከዓመታት በፊት አሜሪካ ውስጥ ፀጉሩን ያስተካከለው ጥቁር ፀጉር አስተካካይ በሕልሙ መጥቶ በጋለ ብረት ፀጉሩን ሊያከረድደው ሲል አየና በድንጋጤ ነቃ። ሕልሙን አፍሪካ ልትውጠኝ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አድርጎ ፈታው። አፍሪካውያንን ያልሠለጠነ የጥንት ሰው ናሙና አድርጎ የማየቱን ፍርሃትና ንቀት ግን አልመረመረም። ከ1933 ጀምሮም ናዚዎች ጀርመንን በያዙበት ወቅት የአንድ ዓለም አቀፍ የሳይኮቴራፒ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ በ1934 ስለ አይሁድና ስለ ጀርመን ሥነ ልቦና ልዩነት የጻፋቸው ነገሮች እስከ ዛሬ ያስወቅሱታል። ደጋፊዎቹ ማኅበሩን አይሁድ ሐኪሞች እንዳይባረሩ ለማገዝ ተጠቅሞበታል ይላሉ። ያም ሆኖ ጽሑፎቹ አሉ። የሌላውን ሕልም ሲፈታ የተዋጣለት ሰው የራሱን ጥላ ማየት አቅቶት ያውቃል።

የመጨረሻው ሥራ

ሳይንሱም ከእሱ በኋላ ብዙ ተጉዟል። በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሰሪንስኪና ክላይትማን ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል አስታወቁ። ከዚያ ክፍል በቀጥታ የተቀሰቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልሙን ይናገራል፤ ጥቂት ደቂቃ ከዘገየ ይጠፋዋል። በዚያ ሰዓት ለማስታወስ የሚረዳው ኖራድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እጅግ ዝቅ ማለቱ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። በ1977 ሆብሰንና ማካርሊ ሕልም አንጎል ከውስጡ የሚነሳበትን ዝብርቅርቅ ምልክት ለመስፋት የሚያደርገው ጥረት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የዩንግ የጋራ ስውር አእምሮ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የደብተሩን ጉዳይ ግን ማንም አይከራከረውም። ስትነቃ አትንቀሳቀስ፤ ዓይንህን ሳትገልጥ የያዝከውን ጫፍ ጎትት፤ ከዚያ ወዲያው ጻፍ።

ዩንግ በ1959 ለቢቢሲ ቴሌቪዥን የሰጠው ቃለ መጠይቅ ከታየ በኋላ፣ ለተራው ሰው የሚሆን መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። አርጅቻለሁ ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ በሐኪሞችና በምሁራን ፊት መናገሩን ትቶ አደባባይ ላይ ለቆመ ብዙ ሕዝብ ሲናገር፣ ሕዝቡም በጥሞና ሲሰማውና ሲረዳው አለመ። ሐሳቡን ቀየረ። «ሰውና ምልክቶቹ» ለተባለው መጽሐፍ የራሱን ድርሻ ጽፎ የጨረሰው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ጽሑፍ ስለ ምልክቶች የምትችለውን ሁሉ ተማር፣ የሰው ሕልም ፊት ስትቀርብ ግን ሁሉንም እርሳው ብሎ ይመክራል። ሰኔ 6 ቀን 1961 በኩስናክት ቤቱ ዐረፈ። ዕድሜው 85 ነበር። መጽሐፉ የወጣው በ1964 ነው።

አሁን ትራሴ አጠገብ አንድ ተራ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። አብዛኛው ገጽ ዝባዝንኬ ነው፤ የተዘጋ ቢሮ፣ የጠፋ ጫማ፣ የማላውቀው ደረጃ። አባቴ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልተናገረም። በመጀመሪያ ያለኝን ቃል ፈቺ ፍለጋ መሄድ ትቻለሁ፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ እኔም ረስቼዋለሁ። ይልቅ ከቡናው ጋር የቀረውን ልማድ ቤቴ ውስጥ መልሼአለሁ። ጠዋት ልጄ ሕልሟን ስትነግረኝ እንደ አያቴ በደግ ይፍታው እላለሁ። ከዚያ ግን አልፈታላትም። አንቺስ ምን ይመስልሻል ብዬ እጠይቃታለሁ።

ቸር ሕልም ያሳየን!